ፈረሱ ልግመኛ ነው ወይስ አሞታል?

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ጋሪዎች ተራ በሚጠብቁበት ቦታ ሁሉ አንድ የማያልቅ ክርክር አለ። የየት አገር ፈረስ ይሻላል? ክርክሩ የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊዎችን ሙግት ይመስላል፤ ማንም ማንንም አያሳምንም፣ ማንም ግን አይተወውም።

አንዱ ከሰላሌ ያልመጣ ፈረስ፣ ፈረስ አይመስለውም። ቁመቱ፣ አንገቱ፣ አረማመዱ፣ ሁሉ ነገሩ የጌታ ነው ይላል። ሌላው ያንኑ ኩራቱን ይጠላዋል። የሰላሌ ፈረስ ለግልቢያ እንጂ ለጋሪ አልተፈጠረም፣ ሲሚንቶ ሲጭኑበት ይቀየማል ባይ ነው። የባሌን ፈረስ የሚያወድስ አለ፤ ብርድ የለመደ፣ ዳገት የማይፈራ፣ ያገኘውን በልቶ የሚያድር ነው ይላል። እሱንም ቢሆን ግትር ነው፣ ካልፈለገ ንቅንቅ አይልም የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። የቆላ ፈረስ ፈጣን ግን ድንጉጥ ነው ይባላል። ከሰሜን የመጣው ትንሽዬ ደገኛ ደግሞ ታዛዥ ነው፣ አቅም ግን የለውም ተብሎ ይታለፋል።

የአገር ወሬ ሲያልቅ የቀለም ወሬ ይመጣል። ዳማው ገራም ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ዕድለኛ ነው፣ ሻንቆው እልኸኛ ነው። ከቀለም ቀጥሎ መኮላሸቱ ይነሳል፤ ድንጉላ ባዝራ በሸተተው ቁጥር ጋሪውን ይዞ ይጠፋል፣ የተኮላሸው ግን ልብ ይገዛል። በመጨረሻ ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ፍርድ ይቀራል። ልግመኛ ፈረስ ልግመኛ ነው። አብሮት የተወለደ ነው። መድኃኒቱም አለንጋ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ የመጨረሻ ፍርድ ነው።

*

በመጀመሪያ ለባለጋሪዎቹ የሚገባቸውን መስጠት ያስፈልጋል። ፈረስን ከነሱ በላይ የሚያውቅ የከተማ ሰው የለም። ቃሊቲ ድረስ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ይመጣል፤ ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ ይነሳል፤ በጉምሩኩ በኩል ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ መኪኖች ይተራመሳሉ። በዚህ ሁሉ መሀል እህል ወፍጮ ቤት፣ ብሎኬት ግንባታ ቦታ፣ ገበያተኛ እናት ቤቷ ደጃፍ የሚደርሱት ዛሬም በፈረስ ጋሪ የሆነባቸው የውስጥ መንገዶች አሉ። ታክሲ የማይገባበት፣ ባጃጅ በክረምት ጭቃ የሚያዝበት መንገድ ላይ ፈረስ ይገባል። ከንጋት እስከ ማታ የፈረስ ጀርባ እያየ የሚውል ሰው አንድ ፈረስ ከሌላው እንደሚለይ ቢናገር ከሜዳው ያገኘውን ነው የሚናገረው።

ደግሞም ዝርያ ተረት አይደለም። ኢትዮጵያ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረሶች አሏት፤ ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የአገሪቱን ፈረሶች በ8 ከፍሎ አስቀምጧቸዋል፦ የአቢሲኒያ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የካፋ፣ የሰላሌ፣ የኦጋዴን ወይም ዊልዋል፣ እንዲሁም ሐረርጌ ውስጥ ቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት የሚኖረው የዱር ፈረስ። እንግዲህ የአቃቂ ባለጋሪ የሰላሌና የባሌ ፈረስ አንድ አይደለም ሲል ሳይንሱም አይቃወመውም።

ይሁን እንጂ ያ ጥናት የለካው ቁመና ነው። የጀርባ ከፍታ፣ የደረት ስፋት፣ የእግርና የፊት ርዝመት ለካ። ኩራት አልለካም። ልግም አልለካም። ከቁመና ወደ ጠባይ ያለውን መንገድ የዘለለው ጥናቱ ሳይሆን ክርክሩ ነው።

በደም የሚወረስ ነገር እንዳለ ግልጽ ነው። ሰጋርነትን እንውሰድ። ተቀማጩን ሳያናውጥ፣ የያዘው ቡና ሳይደፋ የሚሄድ ሰጋር ፈረስ ወይም በቅሎ ድሮም በእጥፍ ዋጋ የሚፈለግ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በአይስላንድና በሌሎች አገሮች ፈረሶች ላይ ባደረጉት ምርመራ አንድ የዘረመል ለውጥ ይህን የመሰለ አረማመድ እንደሚወስን አግኝተዋል። ያ ለውጥ ያለው ፈረስ እግሩን ለሌሎች አስቸጋሪ በሆነ ስልት ማንሳት ይችላል። አረማመድ በደም ይወረሳል ማለት ነው።

ጠባይስ? በውጭው ዓለም ፈረሶችን «ትኩስ ደም» እና «ቀዝቃዛ ደም» እያሉ መክፈል የቆየ ልማድ ነው። የዓረብ ፈረስና ለእሽቅድምድም የሚራባው የእንግሊዝ ፈረስ ትኩስ ይባላሉ፤ ከባድ ጭነት የሚጎትቱት የአውሮፓ ግዙፎች ቀዝቃዛ ይባላሉ። የደማቸው ሙቀት ግን አንድ ነው፤ አባባሉ የሚናገረው ስለ ንቃታቸውና ስለ ድንጋጤያቸው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ከ1,200 በላይ ፈረሶችን ከ8 ዝርያዎች ወስዶ ባለቤቶቻቸውንና ተንከባካቢዎቻቸውን ጠይቋል። በዝርያዎች መካከል ሰፊው ልዩነት የታየው በፍርሃትና ቶሎ በመነቃቃት ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ፈረስ ከሌላው ቀድሞ የሚደነግጥ ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

እዚህ ድረስ ባለጋሪዎቹ ልክ ናቸው። ፈረስ ደንጋጣ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ልግመኛ ሆኖ ይወለዳል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

*

በዚህ አገር ፈረስን በጠባይ መጥራት የተጀመረው በጋሪ ዘመን አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ ይባሉ ነበር። እነዚህ ሁሉ የፈረስ ስሞች ናቸው። ሰውየው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ፈረሱ ደግሞ በጌታው ምኞት ይሰየማል። ታጠቅ፣ ዳኘው፣ ጠቅል፣ መቻል። ስሙ ስለ እንስሳው ከሚነግረን ይልቅ ስለ ሰውየው የሚነግረን ይበዛል።

የጋሪ ፈረስ እንዲህ ያለ ስም አይደርሰውም። ወይ በቀለሙ ይጠራል፣ ዳማ፣ ቦራ፣ ሻንቆ፤ ወይ በጥፋቱ ይታወቃል። ልግመኛው። ደንባራው። ተናካሹ። ረጋጩ። ልማዱ ግን ያው ነው። የጌታ ፈረስ ስም የጌታውን ምኞት ይናገር እንደነበረ፣ የጋሪ ፈረስ ስምም ብዙ ጊዜ የሚናገረው ጋሪው ላይ ያለውን ችግር ነው።

እነዚህን አራት ስሞች አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል።

ልግመኛ። መሀል መንገድ ላይ የሚቆም፣ ዳገት ሲያይ የሚያፈገፍግ፣ አለንጋ ሲነሳ ብቻ የሚንቀሳቀስ ፈረስ ነው። ፈረስ ሆዱ ትንሽ ነው። በተፈጥሮው ሜዳ ላይ ቢለቀቅ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ሲግጥ ይውላል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ በልቶ፣ ቀኑን ሙሉ ጾሞ መሥራት አካሉ አልተሠራለትም። ውኃ ደግሞ በቀን በባልዲ ተቆጥሮ ብዙ ሊትር ይፈልጋል፤ ሲያልበው ይጨምራል። የጋሪ ፈረስ ግን ጠዋት ጭድና ትንሽ ፉርሽካ ቀምሶ ይወጣል፤ ቀጣዩ ደህና ምግብ ማታ ነው። ውኃውም ነጂው ባስታወሰና ቧንቧ ባልጠፋ ጊዜ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉልበቱ ሲከዳው ልግመኛ ይባላል። ባጃጅ ቤንዚን አልቆበት ሲቆም ግን ማንም ልግመኛ አይለውም፤ ወርዶ ቤንዚን ይፈልግለታል።

ጭነቱም አለ። ባለሁለት ጎማ ጋሪ ሚዛን ነው። ዕቃው ወደ ፊት ከበዛ ክብደቱ በሁለቱ አግዳሚ እንጨቶች በኩል ፈረሱ ጀርባ ላይ ያርፋል። ወደ ኋላ ከበዛ እንጨቶቹ ወደ ላይ ይነሱና ማሰሪያው ከደረቱ ሥር ሽቅብ ይጎትተዋል፣ ትንፋሹንም ያጥረዋል። ሁለት ኩንታል በትክክል የተጫነበት ፈረስ የሚሄደውን መንገድ፣ ያው ሁለት ኩንታል ተዛንፎ የተጫነበት አይሄደውም። ፈረሱ ያው ነው፣ ጭነቱም ያው ነው፣ የተለየው አጫጫኑ ነው። አለንጋው የሚያርፈው ግን ፈረሱ ላይ ነው።

ደንባራ። ፈረስ ታዳኝ ሆኖ የኖረ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ ከራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ሁሉን ያያል፤ የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ጥቂቱንና ከጭራው ኋላ ያለውን ነው። የጋሪ ሥራ ደግሞ የሚያስፈራውን ሁሉ እዚያው ከማያየው ቦታ ላይ ያመጣበታል። ጋሪው ከኋላው ይንኳኳል፣ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ከኋላው ጡሩንባ ይነፋበታል፣ አለንጋው ከኋላው ይመጣል። የደጋ ገጠር ጸጥታ ለምዶ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቃሊቲ አስፋልት ላይ የተገኘ ፈረስ ባይደነብር ነበር የሚገርመው። «ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የሚለው ተረት ይህን ያውቃል። ቃጭሉን የጨመረው ማን እንደሆነ ግን ተረቱን የሚተርቱት ሰዎች አይጠይቁም።

ተናካሽ። ልጓሙን ለማጉረስ እጅ ሲጠጋው ጥርሱን የሚያሳይ ፈረስ ነው። አፉ ይታይ። ብዙ የጋሪ ልጓሞች የግንባታ ፌሮ ታጥፎ የተሠሩ ናቸው። ዳርቻቸው ሻካራ ነው፣ ጠዋት ጠዋት በረዶ ይሆናሉ፣ ምላስና የአፍ ጥግ ይቆርጣሉ። በቆሰለ አፍ ላይ ብረት ሊያስገባ የመጣን እጅ የማይነክስ ፈረስ ትዕግሥተኛ እንጂ የተለመደ አይደለም።

ረጋጭ። ማሰሪያው ጀርባው ላይ ሲወረወር ወይም ሆዱ ሥር ሲጠበቅ የሚራገጥ ፈረስ ነው። ማሰሪያው ሥር ይታይ። ላብና አቧራ የጠጣ የማዳበሪያ ከረጢት ገመድ ቆዳን እንደ ሞረድ ይበላል። ቁስሉ ደግሞ ቁስል ብቻ ሆኖ አይቀርም። የኢትዮጵያን የጋሪ ፈረሶች ከሚያሰቃዩ በሽታዎች አንዱ በፈንገስ የሚመጣ ነው፤ በቆዳው ሥር እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ እያበጠ የሚፈነዳ ቁስል ያወጣል፤ የሚገባውም በቁስል በኩል ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በተለያዩ ከተሞች 19 ሺህ ገደማ የጋሪ ፈረሶችን አይቶ ከየ100ው 19 በሚጠጉት ላይ ይህን በሽታ አግኝቷል። የአንዱ ፈረስ ማሰሪያ ለሌላው ሲታሰር በሽታውም አብሮ ይሄዳል።

አራቱንም ስሞች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሁሉም የጠባይ ስም ሆነው የተሰጡ የሕመም ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

*

ፈረስ ሲያመው አይጮኽም። ውሻ ያለቅሳል፣ ፈረስ ዝም ይላል። ታዳኝ እንስሳ ድካሙን ካሳየ ይበላልና። ስለዚህ ሕመሙ የሚነበበው ከፊቱ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የፈረስን የሕመም ፊት ለማንበብ የሚያገለግል መለኪያ አውጥተዋል። ጆሮዎቹ ደርቀው ወደ ኋላ ይዞራሉ። ከዓይኑ በላይ ያለው ሥፍራ ይወጠራል፣ ዓይኑ በከፊል ይከደናል። የመንጋጋው ጡንቻ ይጠነክራል፣ ከንፈሩ ይጨመደዳል፣ አፍንጫው ይወጠራል።

ይህን ዝርዝር ለአንድ የአቃቂ ጋሪ ነጂ ቢያነቡለት ወዲያው ያውቀዋል። የተቆጣ ፈረስ ነው ይላል። ጆሮውን አስተኝቷል፣ ክፉ ነው፣ ተጠንቀቀው። ምልክቱን በደንብ አይቶታል። ትርጉሙን ነው የሳተው። ያመመው ፈረስና የተቆጣ ፈረስ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ አንዱ የሚያስፈልገው እረፍት ነው፣ ለሌላው የሚሰጠው አለንጋ ነው።

ከዚህ የባሰው ስሙ ራሱን እውነት ማድረጉ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ በፊት በርሊን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበር። ሒሳብ ይሠራል ተብሎ ዓለም ጉድ አለለት። 3 እና 4 ስንት ነው ሲባል በኮቴው 7 ጊዜ መሬቱን ይመታል። ኦስካር ፉንግስት የተባለ ሰው ነገሩን መርምሮ በ1907 እ.ኤ.አ. ምስጢሩን አወጣው። ጠያቂው መልሱን ራሱ ካላወቀው፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ማየት ካልቻለ፣ ሃንስ ይሳሳታል። ፈረሱ የሚቆጥረው ቁጥር አልነበረም። ቆጠራው ትክክለኛው መልስ ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ራሱን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ሃንስ ያቆማል። ሰዎች ፈረሱን ሲመረምሩ ፈረሱ እነሱን ያነብ ነበር።

በ2009 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ የተደረገ ሙከራ ደግሞ ወደ ጋሪው ይበልጥ ይቀርባል። ሰዎች ፈረስ እየሳቡ ወይም ተቀምጠውበት በተመሳሳይ ቦታ ደጋግመው እንዲያልፉ ተደረገ። በመጨረሻው ዙር ሲያልፉ ጃንጥላ በድንገት እንደሚከፈት ተነገራቸው። ጃንጥላው አልተከፈተም። የሰዎቹ የልብ ምት ግን ጨመረ፤ የፈረሶቹም አብሮ ጨመረ። ፈረሶቹ ስለ ጃንጥላው የነገራቸው የለም። ፍርሃቱን ያገኙት ከሰዎቹ ነው።

አሁን ወደ አቃቂ እንመለስ። አንድ ወጣት አዲስ ጋሪ ሊነዳ ሲረከብ፣ ይህ ፈረስ ደንባራ ነው፣ ተጠንቀቅ ተብሎ ይነገረዋል። ወጣቱ ዛቡን አጥብቆ ይይዛል። ከባድ መኪና ከሩቅ ሲያይ ትከሻው ይወጠራል፣ እስትንፋሱ ያጥራል፣ እጁ ወደ አለንጋው ይሄዳል። ይህ ሁሉ በዛቡ በኩል ወደ ፈረሱ አፍ ይደርሳል። ፈረሱ ይደነብራል። ወጣቱም ለራሱ፣ እውነታቸውን ነው፣ ደንባራ ነው ይላል።

*

ለዚህ ሁሉ ማስረጃ የሚሆን ቦታ አገር ውስጥ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ይከበራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ አባቶች አድዋ የዘመቱባቸውን ፈረሶችና የቅዱስ ጊዮርጊስን መታሰቢያ አንድ ላይ ያከብራል። በዚያ ቀን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይወጣል፤ ጭብጨባ፣ ዘፈን፣ እልልታ፣ ካሜራና ጡሩንባ አለ። የተሸለሙት ፈረሶች በዚህ ሁሉ መሀል ይጋልባሉ፣ ይሰግራሉ፣ ሲቆሙም ጸጥ ብለው ይቆማሉ።

እነዚህ ፈረሶች ከሌላ ዓለም የመጡ ዝርያዎች አይደሉም። አቃቂ ላይ አቅመ ቢስ ተብለው የሚታለፉት የሰሜን ደገኞች ዘመዶች ናቸው። የተለየው ያሳደጋቸው እጅ ነው። የአገው ገበሬ ፈረሱን ገና በልጅነቱ ከሰው ጋር ያላምደዋል፣ ቀስ አድርጎ ይገራዋል፣ ይቀልበዋል፣ በልጆቹ እጅ ያስጠብቀዋል። ፈረሱ የቤቱ ክብር ነው። እንዲህ ያደገ እንስሳ ሕዝብ አይቶ አይደነብርም፤ ሕዝብ ማለት ለእሱ ጭብጨባ እንጂ አለንጋ አይደለም።

የጋሪው ፈረስ ግን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ እየተሸጠ የመጣ ነው። መጀመሪያ የገበሬ ነበር። ከዚያ የነጋዴ፣ ከዚያ የአንድ ባለጋሪ፣ ከዚያ የሌላ ባለጋሪ። ብዙ ጊዜ ጋሪውን የሚነዳው ደግሞ ባለቤቱ አይደለም። ባለቤቱ ማታ ገቢውን ይቀበላል፤ ነጂው ከገቢው የተረፈውን ይወስዳል። ነጂው ፈረሱን ቢያሳርፈው ገቢው ይጎድላል፣ ከገቢው ቢያጎድል ሥራው ይሄዳል። ለፈረሱ ክፉ የሆነ ሰው ስለሆነ አይደለም የሚገርፈው። እሱም በቀን ሒሳብ የተያዘ ሰው ነው። ለዚህ ነው ስለ ጠባይ የሚደረገው ክርክር ለሁሉም የሚመቸው። ጥፋቱ የሰላሌ ወይም የባሌ ከሆነ የቀኑን ገቢ፣ የፉርሽካውን ዋጋ፣ የማሰሪያውን ገመድ፣ የውኃውን ነገር ማንም አያነሳውም።

*

ስሙ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ።

ልግመኛ የተባለ ፈረስ ይሸጣል። ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል። ዋጋው የወረደን ፈረስ የሚገዛው ደግሞ አቅሙ ያነሰ ሰው ነው፤ የባሰ ማሰሪያ፣ ያነሰ ፉርሽካ፣ የረዘመ ቀን ይጠብቀዋል። ፈረሱ ይበልጥ ይደክማል፣ ይበልጥ ልግመኛ ይባላል፣ እንደገና ይሸጣል። በሬ ቢያረጅ ለሥጋ ይሸጣል፤ ፈረስ በዚህ አገር አይበላም። ስለዚህ የመጨረሻው ገዥ ሲጠፋ የሚቀረው መንገድ ላይ መልቀቅ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻዎች አስፋልት አካፋይ ላይ፣ ቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ አንድ እግሩን አንስቶ የቆመ የአጥንት ፈረስ ያላየ ነዋሪ ጥቂት ነው። ቀን መኪና፣ ማታ ጅብ ይጠብቀዋል። እሱም ከመለቀቁ በፊት የሆነ አገር ፈረስ ነበር፤ ኩሩ ወይም ግትር፣ ገራም ወይም ደንባራ ተብሎ የተከራከሩበት።

ጉዳዩ የፈረሱ ብቻ አይደለም። ባጃጅና የኮንዶሚኒየም አስፋልት ጋሪውን በየዓመቱ ወደ ውስጥ እየገፉት ነው። በጋሪ የሚኖረው ሰው ያለው ሀብት ፈረሱ ነው። ሦስት ዓመት በደንብ ሊሠራ የሚችልን ፈረስ በአንድ ዓመት ጨርሶ ልግመኛ ነው ብሎ የሸጠ ሰው፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው አርክሶ የሸጠው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሌላም ነገር ሳያስታውስ አይቀርም። የየት አገር ነው ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ፣ ጠባዩን አወቅሁ ብሎ መደምደም በጋሪ ተራ ብቻ የሚሠራበት ዘዴ አይደለም። የዚህ አገር ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲሠሩበት ኖረዋል፤ ዋጋውንም ያውቁታል። ዘዴው ቀላል ነው፤ የትውልድ ቦታውን ካወቅህ የቆሰለበትን ቦታ መፈለግ አይጠበቅብህም። ፈረስና ሰው አይነጻጸሩም። ፍርዱ ግን የሚሰጠው በዚያው መንገድ ነው።

*

ምን ይደረግ ለሚል መልሱ ሩቅ አይደለም።

ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ከአቃቂ ብዙም አይርቅም። ስፓና፣ ብሩክና ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባሉ የጋማ ከብት በጎ አድራጎት ድርጅቶች በኢትዮጵያ ለዓመታት ሠርተዋል። ዕውቀቱ አገር ውስጥ አለ ማለት ነው። የጎደለው ዕውቀቱና የጋሪው ተራ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ክፍለ ከተማው ለጋሪ ታርጋ ወይም ፈቃድ በሚሰጥበት አጋጣሚ ሁሉ የፈረሱ ጀርባ፣ አፍና ሰኮና ቢታይ ብዙ አያስወጣም። በየጋሪ ተራው አንድ የውኃ ገንዳ ማኖር ከአንድ የመንገድ ዳር ማስታወቂያ ሰሌዳ አይበልጥም። ባለጋሪዎች በዕቁብም ቢሆን ተሰባስበው ለስላሳ ማሰሪያና ያልሻከረ ልጓም በጋራ ቢያሠሩ፣ ከአንድ አዲስ ፈረስ ዋጋ ይረክስላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። ፈረስ ሲቆም፣ አለንጋ ከመነሳቱ በፊት፣ አምስት ነገር ማየት። አፉን። ማሰሪያው ያረፈበትን ጀርባና ደረት። ሰኮናውን፤ ኮብልስቶን ላይ ድንጋይ ገብቶበት ይሆናል። የጭነቱን ሚዛን። መጨረሻ ውኃ የጠጣው መቼ እንደሆነ። አምስቱም ደህና ሆነው ፈረሱ አሁንም አልሄድ ካለ፣ ያን ጊዜ ስለ ሰላሌና ስለ ባሌ፣ ስለ ዳማና ስለ ሻንቆ እንደ ልብ መከራከር ይቻላል። ክርክሩ ጣፋጭ ነውና ማንም ይቅር አይልም።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል የአገሬው ተረት። ጦሩን የሚዋጋው ሰውየው ነው ለማለት ነው። የቃሊቲ ጋሪ ላይም ያው ነው። የኑሮው ጦርነት የነጂው፣ የባለቤቱና የከተማው ነው። ፈረሱ ድርሻውን፣ ማድረሱን፣ እየተወጣ ነው። ሲያቅተው መጀመሪያ የሚጠየቀው የት እንደተወለደ ሳይሆን የት እንዳመመው ቢሆን፣ የሚገርመው ነገር ስንቱ ልግመኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጎበዝ እንደሚሆን ማየት ነው።